አባል ከመመዝገባችሁ በፊት፦ ለክልል ስካውት ማኅበር ወጣት አመራሮች

ውድ ልጆቼ፣

ከመካከላችሁ አንዱ የማኅበራችሁን የአምስት ዓመት ዕቅድ ረቂቅ ልኮልኝ «የአባሎቻችንን ቁጥር እጥፍ ለማድረስ ከየት እንጀምር?» ሲል ጠይቋል። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ቁጭቱ የመላው የስካውት እንቅስቃሴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 በስሎቬኒያ የተሰበሰበው የዓለም ስካውት ጉባኤ፣ እስከ 2023 ድረስ እንቅስቃሴው 100 ሚሊዮን ወጣቶችን እንዲያቅፍ የሚል ራእይ አጸደቀ። ያኔ የነበረው አባል 40 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ዓመቱ ሲደርስ የተቆጠረው 57 ሚሊዮን አካባቢ ሆነ። 17 ሚሊዮን መጨመር ቀላል ነገር አይደለም፤ ከ100 አጠገብ ሲቀመጥ ግን ሽንፈት መሰለ። በእኔ ግምት የጎደለው ልጅ አልነበረም። ልጅ በአንድ ቀን ይመዘገባል፤ ልጁን የሚይዝ መሪ ግን በአንድ ዓመትም አይደርስም።

ነገሩ ከጥንት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1907 የስካውት መሥራች ባደን ፓውል በእንግሊዝ ብራውንሲ ደሴት ላይ የመጀመሪያውን የሙከራ ካምፕ ሲተክል ይዞ የሄደው ሃያ ያህል ልጆችን ነበር። ከፊሉ የባለጸጋ ትምህርት ቤት ተማሪዎች፣ ከፊሉ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። በአራት ፓትሮል፣ ማለትም በአራት ትንንሽ ቡድን፣ ከፈላቸው፤ ተኩላ፣ ኮርማ፣ ቁራ፣ አንዱ ደግሞ በውኃ ዳር ወፍ የተሰየመ። ልጆቹ የፓትሮላቸውን ቀለም የያዘ ክር ትከሻቸው ላይ ያስራሉ፤ ለእያንዳንዱ ፓትሮል ከልጆቹ አንዱ ኃላፊ ነው። ማታ ማታ አንድ ፓትሮል ተራ ይደርሰውና ዱቄቱን፣ ሥጋውንና ድንቹን ተሸክሞ ከካምፑ ይርቃል፤ ራሱ እሳት አንድዶ፣ ራሱ አብስሎ፣ ራሱ ዘብ አቁሞ ያድራል። ወጥ ቤት የሚሮጥ አዋቂ የለም። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልተገኘም ብል አላጋነንኩም።

ከዚያስ? በ1910 በብሪታንያ ብቻ ከ100,000 በላይ ስካውት ተቆጠረ። ዉድ ባጅ የሚባለው የመሪዎች ሥልጠና በእንግሊዝ ጊልዌል ፓርክ የተጀመረው ግን በ1919 ነው። ልጆቹ ቀድመው መሪዎቹ የተከተሉበት ዘመን ነበር። የእናንተም ረቂቅ የሚደግመው ይህንኑ ነው፦ አምስት ገጽ ስለ ምዝገባ፣ ሁለት መስመር ስለ ሥልጠና።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ፓትሮል ከ6 እስከ 8 ልጅ ነው። ከ8 ካለፈ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ልጅ ይፈጠራል፤ ከ5 ካነሰ አንድ ሁለቱ የቀሩ ዕለት ሥራው ይቆማል። አራት ፓትሮል አንድ ትሩፕ ይሆናል፤ ከ24 እስከ 32 ልጅ ማለት ነው። ልጆች ባሉበት ሁሉ ቢያንስ ሁለት አዋቂ ሊኖር ይገባል፤ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ከሰው ዓይን ርቆ ብቻውን መሆን የለበትም። ይህ ደንብ ልጁንም መሪውንም ይጠብቃል፤ ድርድር የለውም። ሁለት ሰው ሁልጊዜ እንዲገኝ ከፈለጋችሁ አራት ሰው አሠልጥኑ፤ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ሥራ ይለውጣል። ስለዚህ አሥር አዲስ ትሩፕ ማለት 40 የሠለጠነ መሪ ነው። ከጀማሪ ሠልጣኞች ሲሶው መንገድ ላይ ይቀራል ብላችሁ አስቡና 60 ሰው ለሥልጠና ጋብዙ። የኮርሱ ቀናት ብቻም አይበቁም፤ ሠልጣኙ ከነባር ትሩፕ ጋር ወራት ሠርቶ፣ ቢያንስ አንድ ካምፕ ራሱ አዘጋጅቶ ሊታይ ይገባዋል። በመጀመሪያው ዓመት አንድም አዲስ ትሩፕ ባትከፍቱ አትፈሩ።

ቁጥር አታምልኩ ልላችሁ ተነስቼ ራሴ ቁጥር ውስጥ ገባሁ። ካልቀረስ አንድ ልጨምር። ዓምና 200፣ ዘንድሮ 240 አባል ያለው ማኅበር «20 በመቶ አደግን» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። መዝገቡን በስም አስተያዩት። ከዓምናዎቹ 200 ዘንድሮ የተመለሱት 110 ከሆኑ 130ው አዲስ ናቸው፤ 90ው ሄደዋል። ከመቶ 45 እያፈሰሳችሁ ነው ማለት ነው፤ ያንን ቀዳዳ ሳትደፍኑ ብትመዘግቡ ድካም ብቻ ነው። የሄዱትን በዕድሜና በትሩፕ ለዩአቸው። ከአንድ ትሩፕ በብዛት ከሄዱ ችግሩ መሪው ጋ ነው። ከየትሩፑ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ከሄዱ ደግሞ ቀጣዩ የዕድሜ ክፍል ባዶ ነው፤ ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ጋር ያንኑ ቋጠሮ ለአራተኛ ዓመት እየቋጠሩ ነው። የፓትሮል መሪነት፣ የካምፕ በጀት፣ የጉዞ ዕቅድ ስጧቸው።

ከስካውትነቱ ፎቶው የሚቀድምባችሁ ትመስሉኛላችሁ። ስካርፉ ተስተካክሎ፣ ችግኙ በእጅ ተይዞ... በቃ፣ ተለጠፈ! ያም ሆኖ የስም መዝገቡን በስልካችሁ የምትይዙበት ፍጥነት ያስቀናል፤ እኛ በወፍራም ደብተር እንታገል ነበር።

ችግኝ ካነሳሁ አይቀር፦ ዕቅዳችሁ «5,000 ችግኝ ይተከላል» ይላል። «ይጸድቃል» በሉትና ቆጠራውን አንድ በጋ ካለፈ በኋላ አድርጉ። ያን ጊዜ የምታገኙት ቁጥር ያነሰ፣ ግን የእናንተ ይሆናል። ከሚደርቁት ብዙዎቹ የሚሞቱት በተከላው ዕለት ነው፦ ፕላስቲኩ ከሥሩ ሳይወልቅ ይቀበራል፣ የተጠማዘዘው ሥር ሳይቆረጥ ይገባል፣ ወይም ባለሥልጣን እስኪመጣ ሲጠበቅ ዝናቡ ያልፋል። ለየፓትሮሉ በበጋ ውኃ ሊያጠጣ የሚችለውን ያህል ብቻ፣ 30 ወይም 40 ችግኝ፣ ስሙ ተጽፎ ይሰጠው።

ትልቁን የክልል ካምፕ የዕቅዱ ማሳረጊያ ማድረጋችሁን አልቃወምም። ግን ቦታውን ካምፑ በሚደረግበት ወር፣ ዓመት ቀድማችሁ እዩት። እ.ኤ.አ. በ2023 በደቡብ ኮሪያ የተደረገው የዓለም ጃምቦሪ (የየአገሩ ስካውቶች የሚገናኙበት ትልቅ ካምፕ) ከ40,000 በላይ ሰው ሰብስቦ ጥላ በሌለው ሜዳ ላይ በሙቀት ተቸገረ፤ በመጨረሻም አውሎ ነፋስ ስለመጣ ሁሉም ካምፑን ለቆ ወጣ። እናንተም የጥላውን፣ የውኃውንና የመውጫ መንገዱን ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ። ሽንት ቤት ከውኃ ምንጭ ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ፤ ከምንጩ በታች፣ ከወጥ ቤቱም ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ይሁን።

ስለ ገንዘብ አልመክራችሁም፤ ሁለት ፊርማና ደረሰኝ እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ።

ረቂቁን መልሳችሁ ስትጽፉ የአምስቱን ዓመት ቅደም ተከተል እንዲህ ብታደርጉት ደስ ይለኛል። በአንደኛው ዓመት የስም መዝገብና 60 ሠልጣኝ፤ በሁለተኛው አምስት ትሩፕ፤ በሦስተኛው ምንም ሳትከፍቱ የተመለሱትን ቁጠሩ። ከአሥር ሰባቱ ከተመለሱ በአራተኛው የቀሩትን አምስት ክፈቱ፤ ካልተመለሱ ሥልጠናውን ድገሙ። የክልሉን ካምፕ ወደ አምስተኛው ዓመት ግፉት፤ ምግቡንም ፓትሮሎቹ ያብስሉ።