«ምን እየተሠራ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፦ ለወጣት የምክር ቤት ባለሙያዎች

ውድ ልጆች፣

ሰሞኑን አንዲት ወጣት አራት ኪሎ፣ ሥላሴ ካቴድራል አጠገብ አገኘችኝ። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቋሚ ኮሚቴ ባለሙያ ሆና ከተቀጠረች ገና ዓመት አልሞላትም። «ጋሼ፣ ጥያቄው ተጠየቀ፤ ሚኒስትሩም መለሱ፤ ታዲያ ለምን ምንም አልተለወጠም?» አለችኝ። በእጇ የያዘችው ወረቀት ስለ ማዳበሪያ ነበር። እኔ ግን ወዲያው ትዝ ያለኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የውሃ ጥያቄ። ለእናንተም የምጽፈው እሱ አልለቀኝ ስላለ ነው።

ጥያቄው የተነሣው ከአንድ የገጠር ቀበሌ ነው። ቀበሌው ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮለት፣ በጄኔሬተር የሚሠራ ፓምፕ ገብቶለት፣ ቦኖ ተተክሎለት፣ ተመርቆለታል። ፓምፑ ጥቂት ወራት ሠርቶ ቆመ። እንዲህ ያለ ፓምፕ የሚቀመጠው ከመሬት በታች፣ ውሃው ውስጥ ነው። ለመጠገን መጀመሪያ ቱቦውን አንድ በአንድ እየፈቱ ወደ ላይ መሳብ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ማንሻ ያለው መኪና የግድ ነው። ወረዳው መኪናውም ባለሙያውም አልነበረውም። የውሃ ኮሚቴው ከቦኖ ሽያጭ የሚሰበስበው ሳንቲም ደግሞ ከናፍጣና ከጥበቃ ደመወዝ አያልፍም። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ወንዙ ተመለሱ።

የምክር ቤት አባሉ ይህን ከመራጮቻቸው ሰምተው በአንድ ገጽ ጽፈው አመጡ። የቀበሌው ስም፣ ፓምፑ የቆመበት ወር፣ ጥገና የተጠየቀበት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ ሁሉም ነበረበት። ለጥያቄ ከዚህ የተሻለ ጥሬ ዕቃ አይገኝም። ግን በዚያ ሰሞን ስለ ውሃ የመጡ ጥያቄዎች ብዙ ስለነበሩ ተመሳሳዮቹ ይጠቃለሉ ተባለ። ተጠቃለሉም። ከማጠቃለያው የወጣው ዓረፍተ ነገር «በገጠር የንጹሕ መጠጥ ውሃ አቅርቦት ላይ የሚታየውን ችግር ለመፍታት ምን እየተሠራ ነው?» የሚል ነበር። ያጠቃለለው እጅ የእኔ ነው። ስለ ራሴ ከዚህ በላይ አልልም፤ ስለ ዓረፍተ ነገሩ ግን ብዙ የምለው አለኝ።

«ምን እየተሠራ ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሚኒስትር የሚሠራውን ይዘረዝራል። የማይሠራ መሥሪያ ቤት የለም፤ ጥናት አለ፣ ጨረታ አለ፣ ውል አለ፣ ሥልጠና አለ። ዝርዝሩ ሲያልቅ የመናገሪያ ጊዜውም አብሮ ያልቃል። ያን ቀን ሰባት አባላት ተከታትለው ጠየቁ፤ አብዛኞቹም በአንድ ትንፋሽ ውሃን፣ መንገድን፣ መብራትንና ኔትወርክን ደባልቀው ነበር። ሚኒስትሩ ሁሉንም በአንድ ላይ ሲመልሱ ለውሃው የደረሰችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ በአካባቢው የገጠር ውሃ ሽፋን ከአገር አቀፉ አማካይ በላይ መሆኑን ገለጹ። የምክር ቤት አባሉም አመስግነው ተቀመጡ።

የተባለው ውሸት አልነበረም። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። «ሽፋን» የሚባለው ቁጥር እንዴት እንደሚሠራ ብናውቅ ኖሮ አንድ ተከታይ ጥያቄ ይበቃ ነበር።

ሽፋን በተለመደው አሠራር የሚሰላው የተገነቡትን ተቋማት በመቁጠር ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ወይም ምንጭ ይህን ያህል ሰው ያጠጣል ተብሎ በዲዛይኑ ይያዝለታል፤ ያ ቁጥር ይደመርና ለሕዝቡ ብዛት ይካፈላል። እንበልና 25,000 ሕዝብ ባለበት ወረዳ እያንዳንዳቸው ለ500 ሰው የታሰቡ 40 የውሃ ተቋማት አሉ። 20,000 ሰው ውሃ አገኘ ይባላል፤ ሽፋኑም 80 በመቶ ይሆናል። ከ40ዎቹ 10ሩ ቢበላሹ ውሃ የሚያገኘው 15,000 ሰው፣ እውነተኛው ቁጥርም 60 በመቶ ነው። የተበላሹትን ከመዝገብ የሚቀንስ ከሌለ ግን ሪፖርቱ ላይ 80ው 80 ሆኖ ይኖራል። ከወንዝ የምትቀዳዋ ሴትም ጀሪካኗን አዝላ በሽፋኑ ውስጥ ተቆጥራለች።

ሌላም ወጥመድ አለ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ከ2003 እስከ 2007፣ የገጠር ነዋሪ ውሃ አገኘ የሚባለው በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 15 ሊትር ሲደርሰው ነበር። በሁለተኛው ዕቅድ ግን መለኪያው ወደ 1 ኪሎ ሜትርና 25 ሊትር ከፍ አለ። ስለዚህ የ2007ን በመቶኛ ከ2009ኙ ጋር አስተያይቶ «ወረደ» ወይም «ወጣ» የሚል ሰው ሁለት የተለያዩ ሜትሮችን እያወዳደረ ነው። በቀን 15 ሊትር ማለት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንኳ አይሞላም፤ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለእጥበት፣ ለሁሉም። ይህን በዓይነ ኅሊናው ያላየ ባለሙያ የውሃ ጥያቄ ባያዘጋጅ ይሻላል።

እናም በዚያ ቀን መጠየቅ የነበረበት እንዲህ ነው፦ በዚህ ወረዳ በሽፋን ከተቆጠሩት ተቋማት ውስጥ ባለፈው ወር ውሃ የሰጡት ስንት ናቸው? ያልሰጡት ከስንት ወር ጀምሮ ቆመዋል? ለጥገና በዘንድሮው በጀት የተያዘው ስንት ነው፣ እስከ ዛሬስ ስንቱ ወጣ? ሦስቱም መልሳቸው ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ ከተነገረ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፤ ከስድስት ወር በኋላ ሊነበብ ይችላል። ፓምፑ ተጠግኖ እንደሆነ ከቃለ ጉባኤው አይገኝም፤ ማንም ተመልሶ አልጠየቀም።

«በሰነድ ያልተደገፈ ጥያቄ አታቅርቡ»፣ «ጨዋ ሁኑ» የሚለውን አልጽፍላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የማታውቁት የሚመስለኝ መልሱ የሚያመልጥባቸውን በሮች ነው።

አንደኛው በር «ይህ የክልሉ ሥልጣን ነው» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። የገጠር ጉድጓድ፣ የጤና ኬላና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአብዛኛው በክልልና በወረዳ እጅ ናቸው። የፌዴራል ሚኒስትርን ስለ አንድ ቀበሌ ፓምፕ ብትጠይቁት በሕጉ ተከልሎ ይወጣል። ስለዚህ በእጁ ያለውን ለዩ። መለኪያውን የሚያወጣው ማን ነው? ለክልሉ በፌዴራል በኩል የሄደው የፕሮጀክት ገንዘብ ስንት ነው፣ ከግምጃ ቤት ነው፣ ከብድር ነው ወይስ ከዕርዳታ? ሪፖርቱን የሚሰበስበው ማነው፣ የተበላሸ ተቋም ከቆጠራ እንዲወጣ ያዘዘው መመሪያስ አለ ወይ? እዚህ ላይ ክልሉን መከለያ ማድረግ አይቻልም።

ሁለተኛው በር «አፈጻጸሙ 85 በመቶ ደርሷል» ነው። የምን 85? የፊዚካል፣ ማለትም የተሠራው ሥራ ነው ወይስ የፋይናንስ፣ ማለትም የወጣው ገንዘብ? ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የፋይናንሱ 85፣ የፊዚካሉ 50 ከሆነ ገንዘቡ ከሥራው ቀድሞ ወጥቷል፤ ቅድመ ክፍያ ይሆናል፣ የዋጋ ንረት ይሆናል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄያችሁ እዚያ ላይ ነው። በተቃራኒው ፊዚካሉ ከፍ ብሎ ክፍያው ዝቅ ካለ ውዝፍ ዕዳ ወደሚቀጥለው ዓመት እየተሻገረ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ዕቅዱ በዓመቱ መካከል ተከልሶ ከሆነ 85ቱ የተሰላው በየትኛው ዕቅድ እንደሆነ ጠይቁ። ዕቅድን ዝቅ አድርጎ አፈጻጸምን ከፍ ማድረግ የቆየ መንገድ ነው።

ሦስተኛው «በጽሑፍ እናቀርባለን» ነው። ይህ መልስ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ከቃሉ ይሻላል። መጥፎ የሚሆነው ቀን ሳይቆረጥለት ሲቀር ነው። ሰብሳቢው እዚያው «እስከ መቼ?» ይበሉ፤ ቀኑ በቃለ ጉባኤ ይግባ፤ እናንተ ደግሞ በመዝገባችሁ ላይ ጻፉት፤ ቀኑ ሲያልፍ በማግስቱ የማስታወሻ ደብዳቤ ይውጣ። በማግስቱ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሳምንት ከቆየ ሌላ ስብሰባ ይደርስና ይረሳል።

ሕገ መንግሥቱን እንደ ጌጥ አትጥቀሱት፣ ግን እወቁት። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የሕግ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ለአስፈጻሚው በተሰጠ ማንኛውም ሥልጣን ላይ ምክር ቤቱ እንደሚወያይና አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃ መውሰድ እንደሚችል ይላል። በ547 መቀመጫ ሲሰላ 183 አባል ማለት ነው። አንቀጽ 54 አባሉ በምክር ቤቱ በሰጠው አስተያየት ወይም ድምፅ አይከሰስም ይላል፤ ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው። የራሱን ፓርቲ ሚኒስትር መጠየቅ የሚከብደው አባል ሲያጋጥማችሁ ይህን አንቀጽ ሳይሆን ጥሩ የተዘጋጀ ጥያቄ ስጡት። ጠንካራ ቁጥር በእጁ ሲገባ ድፍረቱ ይመጣል፤ ጥያቄው ስድብ ስላልሆነ ማንንም አያስቀይምም።

የሚኒስትሮች ለምክር ቤት ተጠሪነት በዚህ ግቢ ሁልጊዜ አልነበረም። አገራችን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያገኘችው በ1923 ነው፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች የተቋቋሙት በእሱ ነው። ሕዝብ የሕግ መምሪያ፣ ማለትም የታችኛውን ምክር ቤት አባላት በቀጥታ የመረጠው ግን ከ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን ሚኒስትር የሚሾመውም የሚሻረውም በንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ባለ ሰዓት ማማው ሕንፃ በር ላይ ስታልፉ ይህን አስቡ። ሚኒስትሮች ተጠሪነታቸው ለምክር ቤቱ ነው የሚለው ቃል ረጅም መንገድ መጥቶ ነው የደረሰን።

ጊዜ ምረጡ። ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተነሥቶ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የዘጠኝ ወር ሪፖርት የሚሰማው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ በጀቱ ሳይጸድቅ። በዚያ ወቅት የተጠየቀ ጥያቄ ክብደት አለው፤ መሥሪያ ቤቱ በቀጣዩ ዓመት ገንዘብ የሚጠይቅበት ሰዓት ነውና። የዋና ኦዲተር ሪፖርትም እንዲሁ በጊዜው ይነበብ። የኦዲት ግኝት የተዘጋጀ ጥያቄ ነው፤ ተራ ቁጥሩን፣ የገንዘቡን መጠንና የተሰጠውን የማሻሻያ ሐሳብ ይዛችሁ «ምን ያህሉ ተስተካከለ?» ማለት ብቻ ይቀራል።

ስለ እናንተ ትውልድ የሚያሳስበኝን ልናገር። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ታጋራላችሁ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረው አባል ይመሰገናል። በዚያው ቀን አንዲት ቁጥር ከሚኒስትሩ አፍ ያወጣውን ማንም አያስታውሰውም። ቃለ ጉባኤ የሚያነብ ወጣት አላይም። እውነተኛው ሥራ ያለው ካሜራ በማይበዛበት በቋሚ ኮሚቴው ክፍል ነው፤ እዚያ ተከታይ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፣ የመሥሪያ ቤቱ የዕቅድ ኃላፊ ከነፋይሉ ተቀምጧል፣ የመስክ ምልከታ ሪፖርትም አለ። ይህን ስል ግን ካሜራ ባይኖር ኖሮ ብዙ መልስ ባልተሰጠ ነበር የሚለውም እውነት መሆኑን አልክድም። በቴሌቪዥን የተገባ ቃል መራጩ ጆሮ ይገባል፤ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ቁጥሩን በኮሚቴ ቆፍሩት፣ ቃሉን በጉባኤው ፊት አስገቡት።

ወደ ወጣቷ ወረቀት ልመለስ። «የማዳበሪያ አቅርቦት መዘግየትን ለመቅረፍ ምን እየተሠራ ነው?» ይላል። ያው የእኔው ዓረፍተ ነገር ነው። ካፌ ተቀምጠን ሰንሰለቱን ጻፍነው፦ ጨረታ፣ ውልና ኤልሲ የሚባለው የባንክ የክፍያ ዋስትና፣ መርከብ፣ ጅቡቲ ወደብ፣ የጭነት መኪና፣ ማዕከላዊ መጋዘን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን፣ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ገበሬው። «በወቅቱ ተገዝቷል» የሚለው መልስ ስለ ሁለተኛው ደረጃ እውነት ሆኖ ስለ መጨረሻው ሐሰት ሊሆን ይችላል። ዓይነቱም ይለያያል። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ከዘር ጋር ይገባል፤ ዩሪያው አብዛኛውን ጊዜ ሰብሉ ከበቀለ በኋላ ይጨመራል። «በጥቅሉ 80 በመቶ ደርሷል» ሲባል የደረሰው በአብዛኛው ዩሪያ ከሆነ ዘሪው ባዶ እጁን ነው። በቆሎ የሚዘራውም ከጤፍ ዘሪው ቀድሞ ይፈልገዋል።

አዲሱን ጥያቄ እንዲህ ብላ ጻፈችው፦ «ለዚህ ዩኒየን ዘንድሮ የተመደበው ኤንፒኤስ ስንት ኩንታል ነው? ዩሪያውስ? ከእያንዳንዱ እስከ ሚያዝያ 30 መጋዘኑ የገባው ስንት ነው? ቀሪው ዛሬ ያለው መርከብ ላይ ነው፣ ወደብ ላይ ነው፣ መንገድ ላይ ነው ወይስ ማዕከላዊ መጋዘን ውስጥ? የመጨረሻው ኩንታል ዩኒየኑ የሚደርሰው በምን ቀን ነው?» ከሥሩ መስመር አሰመረችና ሦስት ባዶ ዓምዶች ሠራች፤ የተመለሰው ቁጥር፣ የተቆረጠው ቀን፣ ተመልሰን የጠየቅንበት ቀን።