መኪና መውደድና በመኪና መተዳደር

ውድ ወንድሜ፣

በደብዳቤህ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትህን ለማጠናቀቅ ጥቂት ወራት እንደቀሩህ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ እንደ መኪና ልብህን የሳበው ነገር እንደሌለ፣ ቤተሰቦችህ ግን የሒሳብ አያያዝ እንድታጠና እንደሚፈልጉ ገልጸህ፣ «ለመሆኑ መኪና የሚወዱ ሰዎች በምን ሥራ ነው የሚተዳደሩት?» ስትል ጠይቀሃል። ይህን ጥያቄ ትምህርት ከመምረጥህ በፊት ማንሳትህ አስደስቶኛል፤ ብዙ ወጣቶች ሳይጠይቁ ወደ ጋራዥ ይገባሉ፣ ሌሎች ደግሞ ሳይጠይቁ ፍላጎታቸውን እርግፍ አድርገው ይተዋሉ።

በቅድሚያ ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። መኪናን ከልብ የሚወዱ በርካታ ሰዎች መተዳደሪያቸው መኪና አይደለም። የፊልም ተዋናዩ ፖል ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1979 በፈረንሳይ በሚካሄደው የሌ ማን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ከቡድን ጓደኞቹ ጋር ፖርሽ 935 እየነዳ በአጠቃላይ ውጤት ሁለተኛ ወጥቷል፤ ስሙንም ገቢውንም ያገኘው ግን በትወና ነበር። ስለዚህ የሒሳብ ባለሙያ ብትሆን መኪና ከሕይወትህ ይወጣል ማለት አይደለም፤ በአንጻሩም በመኪና ለመተዳደር መወሰን የራሱ ዋጋ አለው። በሙያው የምትሠራው በአብዛኛው በሰው መኪና ላይ፣ በሰው ቀጠሮ፣ ሰው በመረጠልህ ሥራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዘይት ሲቀይርና የፍሬን ሸራ ሲያስር የዋለ ሰው ማታ የራሱን መኪና ለመንካት አቅምም ፍላጎትም ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄህን በጥያቄ እመልሳለሁ፤ የምትወደው የመኪናን የቱን ነገር ነው? መንዳቱን ነው፣ መፍታትና መግጠሙን ነው፣ ቅርጹን ነው ወይስ ስለ መኪና ማወቁንና ማስረዳቱን? እነዚህ አንድ ስም የተሰጣቸው የተለያዩ ዝንባሌዎች ናቸው፤ የሚመሩህም ወደተለያየ ሥራ ነው።

መንዳት ከሆነ እውነቱን በአጭሩ ልንገርህ። በውድድር መኪና ነጂነት የሚተዳደሩት እጅግ ጥቂቶች ሲሆኑ፣ እነርሱም አብዛኞቹ በልጅነታቸው በካርቲንግ (በትናንሽ የውድድር መኪኖች) የጀመሩና ከፍተኛ ገንዘብ የወጣባቸው ናቸው። በአምራች ኩባንያዎች ውስጥ አዲስ መኪና የሚፈትኑ ሰዎችም ብዙዎቹ መሐንዲሶች ናቸው፤ ሥራቸው መፍጠን ሳይሆን መኪናው በየሁኔታው ያሳየውን ጠባይ መዝግቦ ማስረዳት ነው። የከባድ መኪናና የአውቶቡስ ሹፌርነት የተከበረ ሥራ ቢሆንም፣ የሚጠይቀው የፍጥነትን ፍቅር ሳይሆን ትዕግሥትንና ድካምን መቆጣጠርን ነው።

ሰፊው በር ያለው ጥገና ላይ ነው። ሰዎች መካኒክ ሲባል በዘይት የተነከረ ቱታ ብቻ ይታያቸዋል፤ የዛሬው ጥገና ግን ከጉልበት ይልቅ ማሰብን የሚፈልግ ሥራ ነው። በአሜሪካ ገበያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለአነስተኛ መኪኖች ኦቢዲ 2 የተባለው ወጥ የምርመራ ሥርዓት ግዴታ ሆኗል፤ በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ሥርዓት ተከትሏል። ይህ ግን ስካነር (መኪናው የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ) የያዘ ሁሉ ችግር ያገኛል ማለት አይደለም። አንድ መኪና የሞተር መብራቱ በርቶ መጣና ስካነሩ ፒ0171 የሚል ኮድ አወጣ እንበል፤ ትርጉሙ በሞተሩ አንደኛ ወገን ድብልቁ አየር በዝቶበታል፣ ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። ልምድ የጎደለው ሰው ኮዱን እንዳነበበ በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ሴንሰር አዲስ ያስገዛል፤ ሴንሰሩ ግን ችግሩን የተናገረ እንጂ ያመጣ ላይሆን ይችላል። በሙያው የበሰለ ሰው ከአየር ማጣሪያው እስከ ሞተሩ ያለውን ቱቦ እያጠፈ ስንጥቅ ይፈልጋል፣ የቫኪዩም መስመሮቹን በጭስ ይፈትሻል፣ የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር ቆሽሾ እንደሆነ ያያል፣ በመጨረሻም የነዳጁን ግፊት በጌጅ ይለካል። እንዲህ ያለውን ፍለጋ ስታነብ ልብህ ከተነሳሳ ይህ ሥራ ያንተ ሊሆን ይችላል፤ «ዋናው መኪናው ሲያገሳ መስማቱ ነው» ካልክ ግን ቆም ብለህ አስብ።

ሙያውም እየተለወጠ ነው። መንገዱን የሚያይ ካሜራ በፊት መስታወቱ ላይ የተገጠመለት መኪና መስታወቱ ሲቀየር ብዙውን ጊዜ ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት፤ አለበለዚያ የመኪናው የማስጠንቀቂያና ራሱ ፍሬን የሚይዝበት ሥርዓት ሊሳሳት ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮንም የሞተር ዘይትም የለውም፤ ይሁን እንጂ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ መሪውና የባትሪው ማቀዝቀዣ ሰው ይፈልጋሉ። ባትሪው በአብዛኛው 400 ቮልት ገደማ፣ በአንዳንዶቹ እስከ 800 ቮልት ስለሚደርስ፣ ባለሙያው የከፍተኛ ቮልቴጁን መስመር ከቆረጠ በኋላ በውስጡ የተጠራቀመው ኃይል እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ከዚያም ዜሮ መሆኑን በመለኪያ ሳያረጋግጥ እጁን አያስገባም። ዛሬ ወደ ጥገና የሚገባ ወጣት ከመፍቻው እኩል የኤሌክትሪክ ትምህርትን አጥብቆ መያዝ አለበት የምለው ለዚህ ነው። ቦዲና ቀለም ደግሞ ዓይንና እጅን የሚጠይቅ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ የጥንት መኪኖችን ወደነበሩበት የሚመልሱ ሰዎችም ብዙዎቹ ከዚህ ይወጣሉ።

ንድፍና ምህንድስና የሚማርክህ ከሆነ «አውቶሞቲቭ» የሚል ስም ያለውን ትምህርት ብቻ አትፈልግ። በፎርሙላ 1 መኪኖች ንድፍ ስሙ የገነነው ኤድሪያን ኒዊ በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የተማረው የአውሮፕላንና የጠፈር ምህንድስና ሲሆን፣ የተመረቀውም እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። መንገዱን ከታች የጀመሩም አሉ፤ ሶይቺሮ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1922 ገና በ15 ዓመቱ ቶኪዮ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ተለማማጅ ሆኖ ሲገባ፣ በመጀመሪያ የተሰጠው ሥራ መጥረግና የባለቤቱን ሕፃን መጠበቅ ነበር። ይህን የምነግርህ ኩባንያ እንድትመሠርት ሳይሆን፣ በጋራዥ የመጀመሪያዎቹ ወራት መኪና ላትነካ እንደምትችል አውቀህ እንድትገባ ነው።

አሁን ወደ ቤተሰቦችህ ሐሳብ ልመለስ፤ የተቃርኖ ያህል ያየኸው ነገር እኔን ጥሩ ዕድል መስሎኛል። ብዙ ተሽከርካሪ ያለው ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ያስፈልገዋል፤ ይህ ሰው አንድ መኪና በኪሎ ሜትር ምን ያህል ነዳጅ፣ ጎማና ጥገና እንደሚበላ፣ ዋጋው በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ ከመጠገን መሸጥ የሚሻለው መቼ እንደሆነ ማስላት አለበት። የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች የተጋጨን መኪና አይቶ ሻንሲው መጣመሙንና አለመጣመሙን ለይቶ፣ የጥገናውን ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ያመዛዝናል። የመለዋወጫ ንግድ ደግሞ የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚያልቅና የትኛው መደርደሪያ ላይ አርጅቶ እንደሚቀር በማወቅ ይቆማል ወይም ይወድቃል። ሒሳብ የሚችሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ መኪና የሚያውቁም እንዲሁ፤ ካምቢዮው ሊሰበር እንደተቃረበ ከድምፁ የሚያውቅና ያ ስብራት በበጀቱ ላይ የሚያመጣውንም በወረቀት የሚያሳይ ሰው ማግኘት ግን ከባድ ነው።

የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። በፊዚክስና በሒሳብ ጠንካራ ከሆንክና ኮዱን ተከትሎ ችግር መፈለጉ ከማረከህ፣ ለቤተሰቦችህ በአክብሮት አስረድተህ ወደ ምህንድስና ወይም ወደ አውቶሞቲቭ ቴክኖሎጂ ግባ። ፊዚክስና ሒሳብ የሚከብዱህ ከሆነ ግን የሒሳብ አያያዙን ተቀበል፤ በየእረፍት ጊዜህ ጋራዥ ውስጥ ለመሥራት እንዲፈቅዱልህም ቤተሰቦችህን ጠይቅ። በየትኛውም ቢሆን ምዝገባው ከመድረሱ በፊት ቢያንስ አንድ ወር በረዳትነት ሥራ፤ የምትታዘበውም ታዋቂ መኪና ሲገባ የሚሰማህን ደስታ ሳይሆን፣ በአንድ ቀን ሦስተኛውን የፍሬን ሸራ ስትቀይር የሚሰማህን ነው። በደብዳቤህ የትምህርት ውጤትህን አልጠቀስክም፤ ከጋራዡ ከታዘብከው ጋር አድርገህ ብትልክልኝ የትኛው ተቋምና የትኛው የትምህርት ክፍል እንደሚስማማህ በዝርዝር እንነጋገራለን።