«ፀሐይ»ን በስንት ዓይነት ይጽፏታል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ቻትጂፒቲን፣ ጀሚናይንና መሰል የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መሣሪያዎችን ለድረ ገጽ ጽሑፍና ጎግል ላይ ለመገኘት ስለመጠቀም ናቸው። የሚመሳሰሉትን አጣምረን ሰባቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ የሶላር ዕቃ እሸጣለሁ። ኤአዩን «ሰዎች በአማርኛ የሚፈልጓቸውን 50 ቃላት ከወርሃዊ የፍለጋ ብዛታቸው ጋር ስጠኝ» ብዬው በሰንጠረዥ ሰጠኝ። በዚያ መሠረት ገጾች ሠራሁ። ሦስት ወር ሆነው፤ ጠያቂ የለም። (መርካቶ)

መልስ፦ ሰንጠረዡን ይጣሉት። የሚያወሩት ኤአይ የጎግልን የፍለጋ መዝገብ አያይም። «2,400» ብሎ የሞላው፣ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ላይ ቁጥር መኖር ስላለበት ነው። አዲስ ውይይት ከፍተው ያንኑ ጥያቄ ይድገሙት፤ ምናልባትም ሌላ ቁጥር ይሰጥዎታል። ቃላቱም ቢሆኑ ከእንግሊዝኛ የተገለበጡ ናቸው። ከላኩልን ዝርዝር ውስጥ «የፀሐይ ኃይል መፍትሔዎች» የሚል አለ፤ እንዲህ ብሎ ዕቃ የሚፈልግ ገዢ ማን ነው? ሰው «የሶላር ዋጋ»፣ «ሶላር ባትሪ ለቤት»፣ «ፍሪጅ የሚያስነሳ ሶላር» ነው የሚለው።

እውነተኛው ምንጭ የጎግል ሰርች ኮንሶል ነው፤ ሰዎች ምን ብለው ፈልገው ድረ ገጽዎ እንደታያቸው የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ ነፃ ነው። ድረ ገጽዎ የእርስዎ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ጊዜውን ወደ 16 ወር ያስፉት (ከዚያ በላይ ወደ ኋላ አይሄድም)። ከታች ሰዎች የጻፏቸው ቃላት ይዘረዘራሉ። ብዙ ጊዜ ታይተው ጥቂት ጊዜ ብቻ የተነኩትን፣ በጎግል ውጤት ላይ አማካይ ደረጃቸውም ከ8 እስከ 20 ያሉትን ይለዩ። ቶሎ ፍሬ የሚሰጡት እነዚህ ናቸው፤ ጎግል ገጹን አውቆታል፣ ገጹ ግን ጥያቄውን በደንብ አልመለሰም። ዝርዝሩ ላይ የሚታየው እስከ 1,000 መስመር ነው፤ ለአንድ ሱቅ ከበቂ በላይ ነው።

መዝገቡ ባዶ ከሆነ ደግሞ ቴሌግራምዎን ይክፈቱ። ደንበኞች የላኳቸውን የመጨረሻ 100 ጥያቄዎች፣ ስምና ስልክ ቁጥር አውጥተው፣ እንደ አጻጻፋቸው ይቅዱ። የፊደል ግድፈቱን አያርሙት፤ የሚፈለገው እሱ ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛችን ጣጣ ይመጣል። «ፀሐይ» የምትለዋ ቃል በ«ጸ» ወይም በ«ፀ» ትጀምራለች። መካከሏ ላይ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊገባ ይችላል። 2 በ6 ሲባዛ 12 አጻጻፍ ነው። ለ12ቱ 12 ገጽ መሥራት ግን ራስን በራስ ማሻማት ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። ርዕሱ ላይ አንዱን አጻጻፍ መርጠው ይጽኑበት። መዝገብዎ ላይ ደጋግሞ የመጣ ሌላ አጻጻፍ ካለ፣ በሥዕል መግለጫ ወይም በአንድ ንዑስ ርዕስ ላይ ተፈጥሯዊ በሆነበት ቦታ ይግባ። «ሶላር» የሚለውም አብሮ ይኑር፤ ገበያው የሚያውቀው እሱን ነው።

ኤአዩ የሚገባው አሁን ነው። ዝርዝሩን ለጥፈው እንዲህ ይበሉት፦ «እነዚህን ቃላት በጠያቂው ዓላማ መድባቸው፦ ዋጋ፣ አመራረጥ፣ ገጠማ፣ ብልሽት። በአጻጻፍ ብቻ የሚለያዩትን አንድ ላይ አድርግ። ከዝርዝሩ ውጪ አንድም ቃል አትጨምር፤ ቁጥር አትስጥ።» ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ሥራ በደቂቃ ይጨርሰዋል። ምድቡን ግን አንዴ በዓይንዎ ይለፉበት፤ የ«ዲሽ» እና የ«ዲሲ» (የባትሪ ዓይነት ኤሌክትሪክ) ጥያቄ አንድ ላይ ተደባልቆ ሊያገኙ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የምግብ አሠራር ገጽ አለኝ። በኤአይ ያስጻፍኩትን የዶሮ ወጥ ጽሑፍ ልኬላችኋለሁ። ሰዋስዉ ደህና ይመስለኛል፤ ሰው ግን ገብቶ ወዲያው ይወጣል። (ቢሾፍቱ)

መልስ፦ ጽሑፉ የሚጀምረው «በዛሬው ፈጣን ዓለም ውስጥ ዶሮ ወጥ በኢትዮጵያ ባህል ወሳኝ ሚና ይጫወታል» ብሎ ነው። ወጥ ይበላል እንጂ ሚና አይጫወትም። ግን ሰዉን ያባረረው ይህ ብቻ አይደለም። ሦስተኛው መስመር «2 መካከለኛ ሽንኩርት በዘይት ወርቃማ ቡናማ እስኪሆን ይጥበሱ፣ ቲማቲም ይጨምሩ» ይላል። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የሚቁላላው፤ ለአንድ ዶሮም ሁለት ራስ ሳይሆን ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይገባል። ቲማቲም ምን ሊሠራ መጣ? አንድም ቀን ድስት ጥዳ የምታውቅ ሴት እዚህ መስመር ላይ ገጹን ትዘጋለች። መጨረሻ ላይ ያለው «ትኩስ ሆኖ ያገልግሉት» ደግሞ ቃል በቃል የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ እኛ «በትኩሱ ይቅረብ» ነው የምንለው። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «ጨምሪ»፣ «ይጨምሩ»፣ «እንጨምራለን» ተፈራርቀዋል።

ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። ዕውቀቱ ከእርስዎ፣ ቅርጹ ከኤአዩ ይሁን። ሲሠሩ ስልክዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ድምፅዎን ይቅረጹ፦ ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ በርበሬው መቼ ገባ፣ ስንት ጭልፋ ቅቤ፣ 12ቱ ብልት በሎሚና በጨው ስንት ጊዜ ታጠበ፣ እንቁላሉ መቼ ገባ፣ መከለሻው መቼ ተነሰነሰ። ያንን ወደ ጽሑፍ ገልብጠው ከዚህ ትእዛዝ ጋር ይስጡት፦

«ከታች ያለው የእኔ ማስታወሻ ነው። ከዚህ ውጪ ምንም መጠን፣ ጊዜ ወይም ቅመም አትጨምር፤ የጎደለ ነገር ካለ ጠይቀኝ። አንባቢዋን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ‹አንቺ› በል። መግቢያና ማጠቃለያ አትጻፍ፤ ከሚያስፈልጉት ነገሮች ጀምር።»

«የጎደለ ካለ ጠይቀኝ» የሚለውን አይተዉት። እሱ ከሌለ ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል። እንዲያም ሆኖ ሲጨርስ ቁጥሮቹን ከማስታወሻዎ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ረጅም ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ በየክፍሉ ያሠሩት። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ይይዛል፤ መሣሪያዎቹ አማርኛን ከእንግሊዝኛ ይልቅ ወደ ብዙ ጥቃቅን ቁራጭ ከፋፍለው ነው የሚያነቡት። ስለዚህ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችሉት መጠን ቶሎ ይሞላል፤ የክፍያውም ሂሳብ ይንራል።

ለፍለጋው ደግሞ ሌላው ገጽ የሌለው አንድ ክፍል ይጨምሩ፦ «ወጡ ለምን ይቀጥናል?» መልሱን እርስዎ ያውቁታል፤ ሽንኩርቱ በደንብ ሳይበስል ውኃ ስለሚገባ ነው።

ጥያቄ፦ ጎግል በኤአይ የተጻፈን ጽሑፍ ይቀጣል ይባላል። እውነት ነው? (ባሕር ዳር)

መልስ፦ በኤአይ በመጻፉ ብቻ፣ አይቀጣም። ጎግል በፌብሩዋሪ 2023 ባወጣው መመሪያ ዋናው ጉዳይ ጽሑፉ በምን መሣሪያ ተሠራ ሳይሆን ለሰው ይጠቅማል ወይ የሚለው እንደሆነ ገልጿል። በማርች 2024 ደግሞ የፍለጋ ውጤትን ለማጭበርበር ሲባል ገጾችን በገፍ ማምረትን በግልጽ ከልክሏል፤ በማሽንም በሰው እጅም ቢመረቱ ለውጥ የለውም። «ርካሽ ሆቴል በ» ብሎ 300 ከተማ እየቀያየረ 300 ገጽ ያወጣ ሰው ክልከላው እሱን ነው የሚመለከተው። በሳምንት አንድ ጽሑፍ በኤአይ አርሞ የሚያወጣ ሰው እንቅልፉን ይተኛ።

ጥያቄ፦ የክሊኒካችንን የእንግሊዝኛ ገጽ በኤአይ ወደ አማርኛ አስተረጎምን። ሕመምተኞች በተሳሳተ ሰዓት እየመጡ ነው። (ሐዋሳ)

መልስ፦ ገጻችሁን አየነው። እንግሊዝኛው ከ8:00 እስከ 17:00 ይላል፤ አማርኛው «ከጠዋቱ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት» ሆኗል። ጠዋት 8 ሰዓት የሚባል ነገር የለንም። መሆን ያለበት «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት» ነው። ኤአዩ ቃሉን ይተረጉማል እንጂ የ6 ሰዓቱን ልዩነት ሁልጊዜ አያሰላም። ቀኑም ላይ ያው ነው፦ «ዲሴምበር 25፣ 2024» የሚለው «ታኅሣሥ 25» ተብሏል። ትክክሉ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ነው።

መፍትሔው ሰዓትና ቀን የያዙ መስመሮችን ከትርጉሙ አውጥቶ በሰው እጅ መጻፍ ነው። ለአንድ ክሊኒክ ከ10 መስመር አይበልጡም። ጥንቃቄ የሚሻው ግን ለማሽን የሚሰጠው ነው፤ በገጹ ኮድ ውስጥ ያለው የቀን መረጃና በጎግል ካርታ ላይ የሚሞላው የሥራ ሰዓት በአውሮፓ አቆጣጠር ይቆይ። እዚያ «2 ሰዓት» ብለው ከሞሉ ጎግል ክሊኒኩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው ብሎ ያሳያል።

ጥያቄ፦ የገጼ ሊንክ በአማርኛ ይሁን በላቲን? ስልከው በ«%» የተሞላ ረጅም ነገር ይሆናል። (ጎንደር)

መልስ፦ ጎግል አማርኛውን ያነበዋል፤ ችግሩ ሲላክ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይቀየራል፤ 10 ፊደል የነበረው 90 ይሆናል ማለት ነው። በቴሌግራም ሲላክ ያስፈራል፣ ሲቀዳም ይቆረጣል። ለአዲስ ገጽ ሁለት ሦስት ቃል ያለው የላቲን አጻጻፍ ይምረጡ፤ ኤአዩም አሳምሮ ያወጣዋል። የቆየውን ሊንክ ግን ዝም ብለው አይቀይሩት። ከቀየሩ፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ በቋሚነት የሚያዞር 301 የሚባለውን ያስቀምጡ፤ አለዚያ ጎግል ያወቀው ገጽ ጠፋ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤት አለኝ። ልጄ ኤአዩን 40 ጥሩ ጥሩ አስተያየት አስጽፎ ጎግል ላይ እናስገባ ይላል። (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ልጅዎን ያስቁሙት። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ያወጣውና ከኦክቶበር 21፣ 2024 ጀምሮ የጸናው ደንብ የሐሰት አስተያየት መጻፍን፣ መግዛትንና መሸጥን ይከለክላል፤ በኤአይ የተጻፈውም ከዚህ አይወጣም። የገንዘብ ቅጣት አለው። ጎግልም በራሱ ሕግ አስተያየቶቹን ያጠፋል።

ኤአዩን ለመልስ ይጠቀሙበት። ደንበኛ በእንግሊዝኛ «ሽሮው ቀዝቅዞ መጣ» ብሎ ከጻፈ፣ የሆነውን በአማርኛ ነግረውት አጭር የእንግሊዝኛ መልስ ያዘጋጅልዎታል። ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። ያላደረጉትን «ወጥ ቤቱን በሙሉ አሻሽለናል» ብሎ እንዳይጨምርብዎ ያንብቡት፤ ይህ ልማዱ ነው።

ጥያቄ፦ አሠሪዬ ጽሑፌን በ«ኤአይ መለያ» ፈትሾ «80 በመቶ ማሽን ነው» አለኝ። እኔ በእጄ ነው የጻፍኩት። (አዲስ አበባ)

መልስ፦ እነዚህ መለያዎች የሚሰጡት ግምት ነው፤ ለአማርኛ ደግሞ ከእንግሊዝኛውም ያነሰ መነሻ ነው ያላቸው። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ እንኳ በጃንዋሪ 2023 ያወጣውን የራሱን መለያ፣ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ በዚያው ዓመት ጁላይ አንስቶታል። ይህን ለአሠሪዎ ይንገሯቸው። ከዚህ በኋላ ደግሞ በጎግል ዶክስ ይጻፉ፤ «ቨርዥን ሂስትሪ» የሚለው ጽሑፉ ከባዶ ገጽ ተነስቶ እንዴት እንዳደገ ከነሰዓቱ ያሳያል። ለጽሑፉ ያነጋገሯቸውን ሰዎች ማስታወሻም አይጣሉት።