የደብረ ብርሃን ብርድ እና የቺለሩ የጠዋት አላርም

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን የተጠየቀውን አየሁት። ላላነበበው ላሳጥረው። ወንድማችን የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው። በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ኮምፕረሰር (ጋዙን የሚጨምቀው ክፍል) ቺለር፣ ማለትም ውሃ የሚያቀዘቅዝ ማሽን፣ የፕሪፎርም (ገና ያልተነፋ የፕላስቲክ ጠርሙስ) ማሽኑን ሞልድ፣ ማለትም ቅርጽ ማውጫውን ያቀዘቅዛል። ጠዋት ጠዋት ሎው ፕሬዠር (የጋዝ ግፊት አነሰ) አላርም ያወጣል፤ አንዳንዴ ፍሎው (የውሃ ፍሰት አነሰ) አላርምም ይጨምርበታል። ሰኞ ይብሳል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሞቅ ስትል ምንም እንዳልነበረ ይሠራል። ሞልዱ አልቀዘቅዝ ሲለው ሴት ፖይንቱን፣ ማለትም ፓነሉ ላይ የሚሞላውን የውሃ ሙቀት፣ ከ12 ወደ 5 ዲግሪ አወረደው። አንድ ሰው ደግሞ "ፍሎው ስዊቹን ዳይሬክት አድርገው፣ የሎው ፕሬዠሩን ዲሌይ ጨምርለት፣ ያልቃል" ብሎታል፤ ስዊቹን እለፈው፣ አላርሙም ዘግይቶ ይምጣ ማለቱ ነው። ጥያቄው ፓነሉ ላይ ምኑን ልለውጥ፣ ግላይኮል (ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚጨመር ፈሳሽ) ላስገባ ወይ ነው።

ወንድሜ፣ ለጊዜው ከሴት ፖይንቱ በቀር ምንም አትንካ። እሱንም ወደ 12 መልሰው። ዳይሬክት አድርግ ያለህን ሰው ደግሞ አትስማው። ያ ስዊች ውሃ ሳይዞር ኮምፕረሰሩ እንዳይሠራ የሚጠብቅ ነው። እሱን ካለፍከው ውሃው ኢቫፖሬተሩ (ጋዙ ውሃውን የሚያቀዘቅዝበት ክፍል) ውስጥ ቆሞ በረዶ ይሆናል። በረዶ ውሃውንና ጋዙን የሚለየውን ፕሌት ሰነጠቀው ማለት ውሃ ጋዝ መስመር ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀየረው ስዊች ሳይሆን ኮምፕረሰር ነው።

አሁን 5 ወደሚለው ቁጥር ልምጣ፤ ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ነው። 5 የየትኛው ውሃ ሙቀት ነው? ብዙ ፓነሎች የሚቆጣጠሩት ከቺለሩ የሚወጣውን ሳይሆን ከማሽኑ ሞቆ የሚመለሰውን ውሃ ነው። ቺለር በሙሉ ጭነት ሲሠራ ውሃውን 5 ዲግሪ ያህል ያወርዳል። የሚመለሰው 12 ከሆነ የሚወጣው 7 ነው። ፋብሪካው 12 ብሎ የላከልህ ለዚህ ይመስለኛል። አንተ የሚመለሰውን 5 አድርግ ስትለው የሚወጣውን ዜሮ አድርግ እያልከው ነው። ግላይኮል የሌለበት ውሃ ዜሮ ላይ ምን እንደሚሆን መቼም አልነግርህም። የፀረ በረዶ መከላከያው አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 4 ዲግሪ ላይ ተሞልቶ ይመጣል። ስለዚህ ማሽኑ ዜሮ ሳይደርስ ያቆማል፣ ወይም ከዚያ በፊት የጋዙ ግፊት ወርዶ ሎው ፕሬዠር ይላል። አላርሙ ራሱ በሽታ አይደለም፤ ማሽኑ አልችልም እያለህ ነው። የትኛውን ሴንሰር እንደሚከተል ፓራሜትሩ (የፓነሉ ማስተካከያ ቁጥሮች) ውስጥ ተጽፏል። ማንዋሉ ላይ መግቢያ ወይም መውጫ የሚል ምርጫ ፈልግ። ማንዋል ከሌለህ በዓይንህ እየው፤ ጭነቱ ሲቀንስ ኮምፕረሰሩ የሚቆመው የትኛው ቁጥር ሴት ፖይንቱ ጋ ሲደርስ ነው?

ሞልዱ ለምን አልቀዘቀዘም ታዲያ? ፓነሉ ላይ የሚገባውንና የሚወጣውን ውሃ ሙቀት አንብብና ቀንስ። ሁለቱም ኮምፕረሰሮች እየሠሩ ልዩነቱ 5 አካባቢ ከሆነ ፍሰቱ ደህና ነው። 9 ወይም 10 ከሆነ ግን ውሃው በግማሽ ያህል ነው የሚዞረው። በሰከንድ 1 ሊትር ውሃ 5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 21 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ይሸከማል። ፍሰቱ ካነሰ ሴት ፖይንቱን ምንም ብታወርደው ሙቀቱ ከሞልዱ አይወጣም። የፓምፑን ማጣሪያ ፈተህ እጠብ፣ ታንኩ ውሃ እንዳልጎደለው እይ፣ ቧንቧው አየር ይዞ ከሆነ አስወጣ። ፍሎው አላርምና ሎው ፕሬዠር አብረው ሲመጡ እኔ ጋዝ ከመጠርጠሬ በፊት ውሃውን ነው የማየው። ትንሽ ውሃ ለጋዙ ትንሽ ሙቀት ነው የሚሰጠው፤ ያን ጊዜ ግፊቱ ይወርዳል።

ሰኞ ለምን ይብሳል? እሁድ ማታ ዋናውን ብሬከር ታወርዳላችሁ አይደል? ደብረ ብርሃን ላይ ይሄ አይሠራም። ኮምፕረሰሩ ሥር ዘይቱን የሚያሞቅ ሂተር አለ። ዋናው ብሬከር ሲወርድ እሱም ይጠፋል። ሌሊቱን ኮምፕረሰሩ ይቀዘቅዛል፤ ጋዙ ወደሚቀዘቅዝበት ይሄድና ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ሲነሳ ዘይቱ እንደ ሳሙና ይኩረፈረፋል፣ ግፊቱ በአንዴ ይወድቃል፣ አላርም ይመጣል። አላርሙ እንኳ ቀላሉ ነው። ቤሪንጉ ያለ ዘይት መሽከርከሩ ነው የሚያስፈራው። ስለዚህ ማሽኑን ከፓነሉ ኦፍ አድርገው፤ ዋናው ብሬከር ግን እንደተነሳ ይደር። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ ሂተሩ ቢያንስ 12 ሰዓት ሠርቶ ነው ኮምፕረሰር የሚነሳው። አለቃህ ፕሮዳክሽን ቆመ ብሎ ይጮህብሃል፣ አውቃለሁ። የኮምፕረሰር ዋጋ ንገረው።

ቀጥሎ ፋኑ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሣሩ ላይ ውርጭ ያድራል። በዚህ ብርድ ሁሉም ፋን በሙሉ ኃይል ከዞረ ኮንደንሰሩ (ጋዙ ሙቀቱን ወደ ውጭ አየር የሚሰጥበት ክፍል) ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል። የከፍተኛው መስመር ግፊት ይወርዳል። ጋዙን በኤክስፓንሽን ቫልቩ (ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚያስገባው ጠባብ ቀዳዳ) የሚገፋው ደግሞ ያ ግፊት ነው። ስለዚህ ኢቫፖሬተሩ ጋዝ ይጠማዋል፤ ሎው ፕሬዠር ይላል። ፀሐይ ስትወጣ የሚስተካከለው ለዚህ ነው። ቆላው ሸዋ ሮቢት ላይ የሠራችሁ ደግሞ የተገላቢጦሹን ታውቃላችሁ። ጣርማበርን አልፈህ ስትወርድ ያው ማሽን እኩለ ቀን ላይ ሃይ ፕሬዠር (ግፊት በዛ) ይልሃል። ቆላ የተስተካከለ ፓራሜትር እንዳለ ተቀድቶ ደጋ ከመጣ ችግር ነው።

ፓነሉ ላይ ፋኖቹ በኮንደንሰር ግፊት የሚመሩ መሆናቸውን አረጋግጥ። ደረጃ በደረጃ ይነሳሉ፣ ወይም ፍጥነታቸው ይቀንሳል። ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ ሄደህ በዓይንህ ቁጠር። ሁሉም እኩል በሙሉ ፍጥነት ከተነሱ የፋን ሴቲንጉ ተበላሽቷል፣ ወይም አንዱ ኮንታክተር (መብራት የሚሰጠው ትልቅ ስዊች) ተጣብቋል። የሎው ፕሬዠር ዲሌይ ሲነሳ ብቻ ለአጭር ጊዜ፣ 1 ወይም 2 ደቂቃ ያህል መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ብትዘረጋው ችግሩን ደበቅከው እንጂ አልፈታኸውም።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል። በማኒፎልድ ጌጅ (የጋዝ ግፊት መለኪያ) ጋዝ የምትለኩ ሁሉ ልብ በሉ። ጌጁ የሚያነበው ከውጭው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ0.3 ባር ገደማ ያንሳል። ግፊቱን ወደ ሙቀት የምንቀይርበት ሠንጠረዥ ግን ለባሕር ጠለል ነው የተሠራው። አር 410 ኤ በሚባለው ጋዝ ላይ 7 ባር አንብበህ "ዜሮ ዲግሪ ነው" ብትል እውነቱ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ አካባቢ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በረዶ ጫፍ ላይ ሆነህ ስትሠራ ግን ትንሽ አይደለም።

ግላይኮል ላስገባ ወይ ላልከው፣ ውጭ የተዘረጋ ቧንቧ ካለህ አዎ። ግን የመጠጥ ፋብሪካ ነውና ለምግብ የሚሆነውን ፕሮፒሊን ግላይኮል ግዛ። ኢቲሊኑ መርዝ ነው። ከመቶ 30 እጅ ፕሮፒሊን የበረዶውን ነጥብ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል። ፍሰቱንና ቅዝቃዜውን ትንሽ እንደሚቀንስ እወቅ።

ስለ ፕሮግራሙ እንግዲህ። ከመንካትህ በፊት እያንዳንዱን ፓራሜትር በስልክህ ፎቶ አንሳ። በብዙዎቹ ፓነሎች ሴት የሚለውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነህ ስትይዝ የተጠቃሚው ሜኑ ይከፈታል። የሰርቪሱ ሜኑ ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው የፋብሪካው ነው፣ ተወው። በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ለውጥ፤ ከዚያ ግማሽ ቀን ጠብቅ። ሁለት ነገር አብረህ ከለወጥክ የትኛው እንደረዳህ አታውቅም። በኮምፕረሰር መነሻዎች መካከል ያለውን የደቂቃ ገደብ በፍጹም አታሳጥር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓነሉ ላይ ቁጥር እየቆጠረ ይቆያል፤ ተበላሽቷል ብለህ ሪሴት አትደብድብ፣ እየጠበቀ ነው። ጀነሬተር ላይ ስትገቡ የፌዝ አላርም ከመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ፌዝ (የመብራት መስመር) ተለዋውጧል ማለት ነው፤ ጀነሬተሩ ጋ ይስተካከል እንጂ ይህን የሚጠብቀው የፌዝ ሪሌ ከቦታው አይነሳ። ስክሮል የሚባለው ዓይነት ኮምፕረሰር ወደ ኋላ ከዞረ አይጨምቅም፤ ብዙ ከቆየም ይሞታል።

ኧረ ሰዓቱን! ፓነሉ የኛን ሰዓት አያውቅም። ጠዋት 1 ሰዓት እንዲነሳልህ ከፈለግህ የምትሞላው 07:00 ነው። 01:00 ብለህ የሞላህ እንደሆነ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይነሳና ዘበኛውን ያስደነግጣል። የአላርም ታሪኩንም ስታነብ ይህን አስብ። "ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ቆመ" የተባለ ማሽን ብዙ ጊዜ ጎህ ሲቀድ 06:00 ላይ የቆመ ነው።

አሁን ሴት ፖይንቱን መልስ፣ ማጣሪያውን እጠብ፣ ብሬከሩ ተነስቶ ይደር። ሰኞ ጠዋት እንደገና ከቆመ የአላርም ታሪኩን፣ የሁለቱን ውሃ ሙቀትና የሁለቱን ግፊት ፎቶ እዚሁ ለጥፍልን። ጋዝ ጎድሎት እንደሆነ ከዚያ እናያለን። ያለ እሱ ግን ማንም "ጋዝ ሙላ" ቢልህ እሺ አትበል።