እናትሽ በመጀመሪያ መተኛት አለባት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ወንድምሽ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም አለበት፣ እሱን የምታስታምመው እናታችሁ ደግሞ ደም ግፊት ይዟት እንቅልፍ አጥታ ከቤት መውጣት ትታለች፣ እሷን እንዴት እንርዳት ነው ያልሽው። እኔም ታላቅ ወንድሜን ከእናቴ ጋር ነው የማስታምመው፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት እንቅልፍ። ወንድሜ ሌሊት ተነስቶ እንዳይወጣ ብላ እናቴ በሩ ስር ፍራሽ አንጥፋ፣ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ነበር የምታድረው። ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ትላለች። እንዲህ ያደረ ሰው ጠዋት ቢነጫነጭ አይፈረድበትም፣ ግን ንጭንጩ ታማሚውንም ይጎዳል። እንግሊዝ ውስጥ ጆርጅ ብራውን የሚባል ተመራማሪ ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባደረጋቸው ጥናቶች ወቀሳና ቁጣ ወደበዛበት ቤት የተመለሱ ታማሚዎች ሕመሙ ይበልጥ እንደሚያገረሽባቸው አሳይቷል። ስለዚህ የእናትሽ እረፍት ለወንድምሽም ሕክምና ነው። ይህንን ለዘመዶቻችሁ በግልጽ ንገሪያቸው፣ "ልጇን ጥላ ሄደች" የሚል አይጠፋማ።

ተራ ግቡ። አንቺ ወይም ሌላ ዘመድ እዚያ የሚያድርበት ሌሊት ይኑር፣ እሷ ግን ሌላ ቤት ሄዳ ትደር። እዚያው ሆና ተኚ ብትሏት ጆሮዋ እሱ ጋ ስለሆነ አትተኛም። ውጭ አገር ያለ ወንድም ካላችሁ የሚልከው ብር እግዜር ይስጠው፣ ግን ሌሊት የሚጠብቅ ሰው አይተካም። እኛ ከሚላክልን ላይ ለምናምነው የሰፈር ልጅ እየከፈልን ቀን ቀን ከወንድሜ ጋር እንዲውል አደረግን፤ እናቴ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም መሄድ የጀመረችው ያኔ ነው።

ቀጠሮ ስትሄዱ "እንዴት ነው?" ሲባል "ደህና ነው" ብላችሁ አትውጡ። ሌሊት እንደማይተኛ ንገሩ፣ መድኃኒቱን ማታ መውሰድ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ኪኒኑን ምላሱ ስር ደብቆ የሚተፋ ከሆነ በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ አለ፣ ያንንም ጠይቁ፤ በየቀኑ "ዋጥ፣ አልውጥም" እየተባለ የሚደረገው ግብግብ ነው እናቶችን የሚጨርሳቸው። እጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሰውነቱ ደርቆ አልተጣጠፍ ካለ ከመድኃኒቱ ሊሆን ስለሚችል በራሳችሁ ሳታቋርጡ ለሐኪሙ ተናገሩ። ክትትሉም የግድ አዲስ አበባ ባለው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ላይሆን ይችላል፣ በአቅራቢያችሁ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕክምና ነርስ እንዳለ አጣሩ። የጤና መድን ካላችሁም መድኃኒቱ ከመንግሥት ፋርማሲ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ ለውጭ መግዣ ትንሽ ብር አስቀምጡ።

ጸበል መሄድ ከፈለገች አትከልክሏት፣ እሷም እዚያ ትጽናናለች። መድኃኒቱ ግን አብሮ ይሂድ። ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው በያት፣ ይገባታል።

"ሰው ምን ይለኛል" ብላ ቡና መጠጣት ከተወች ደግሞ ከምታምናት አንዲት ጎረቤት ጀምሩ። ያቺ ጎረቤት ሁሉን ካወቀች ቤታችሁ ስትመጣ እናትሽ የምትደብቀው ነገር አይኖርም።

ለግፊቷ በራሷ ስም ካርድ አውጡላት፣ የሷ ቀጠሮ በሱ ምክንያት አይሰረዝ። መሞት ይሻለኛል የምትል ከሆነ ግን ቀን አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዷት። የት ከተማ እንደሆናችሁና ወንድምሽ የሚወስደውን መድኃኒት እዚሁ ብትጽፊልን እዚያው አካባቢ የሚያስታምሙ ሰዎች የት እንደሚከታተሉ ይነግሩሻል።