ቀዝቃዛ የጦስኝ ሻይ በቤታችን፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም የወሎ ልጆች። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና ባቲ ሙቀቱ ከብዷል መሰለኝ፣ ስለ ቀዝቃዛ የቅጠል ሻይ ጥያቄው በዛ። ደሴ ላይ ጦስኝ፣ ናናና ጠጅ ሳር አድርቄ እሸጣለሁ። ጠይቁኝ።

ከኮምቦልቻ፦ እትዬ፣ ጦስኙን ከውሃው ጋር አንተክትኬ ፍሪጅ ከተትኩት። ሲቀዘቅዝ ውሃ ውሃ አለኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ክዳን ነው። የጦስኝ ሽታ ያለው ዘይቱ ውስጥ ነው፣ ዘይቱ ደግሞ ከእንፋሎት ጋር ይወጣል። ቤቱ ሲታወድ ደስ ይላል፣ ግን ያ ሽታ ከጆጋችሁ የጎደለ ነው። ውሃውን ለብቻው አፍሉ። ከእሳት አውርዱት። ጦስኙን ጨምሩና ወዲያው ክደኑት።

ሌላው መጠኑ ነው። ቅዝቃዜ ሽታውንም ጣፋጩንም ያደበዝዛል። በረዶውም ሲሟሟ ያቀጥነዋል። ስለዚህ ትኩሱ ሲቀመስ ጠንከር ማለት አለበት። ለ1 ሊትር ጆግ፣ ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃና 2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ይበቃል። 10 ደቂቃ ተከድኖ ይቆይና ይጠለል። የቀረውን በረዶ ይሙላው።

ደሴ ያላችሁ 2 ወይም 3 ደቂቃ ጨምሩ። ከተማችን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 100 አይደርስም። ቅጠሉ ጣዕሙን ለመልቀቅ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል።

በረዶውን ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውሃ ሥሩ። በረዶ ሆነ ማለት ንጹህ ሆነ ማለት አይደለም።

ከባቲ፦ ናናስ?

መልስ፦ ያው ነው። እርጥብ ከሆነ አንድ እፍኝ፣ 5 ደቂቃ። ክደኑት።

ከመርሳ፦ ጠጅ ሳርም እንደዚሁ?

መልስ፦ አይደለም። ጠጅ ሳርና ዝንጅብል ጠንካሮች ስለሆኑ ይፈላሉ። ቀጥቅጣችሁ 10 ደቂቃ አፍሏቸው። ተከድነው።

ከደሴ፦ እኔ ግን በረዶ መጠጣት አይገባኝም። ብርድ መጋበዝ ነው። ጦስኝ በትኩሱ ነው የሚያምር።

ከኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ አንተ ጋቢ ለብሰህ ነው የምትጽፈው። የሐረጎን ቁልቁለት ወደኛ ውረድና እንነጋገር።

ከላሊበላ፦ ሻይ ቅጠል ከሌለበት ደግሞ ምኑን ሻይ ሆነ?

ከደሴ፦ ልክ ነሽ። ጤና አዳም የሌለው ቡናም ቡና አይደለም።

ከወረኢሉ፦ ጨውስ? ጨው የሌለው ቡና እናቴ አትቀምስም።

ከላሊበላ፦ ኧረ ጨው!

መልስ፦ ቡናውን ለሌላ ቀን። ጤና አዳም ከተነሳ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳም አትጠጣ፣ በቀዝቃዛም በትኩስም። ማህፀን ያነቃቃል። ሻይ ቅጠል መጨመር የምትወዱ ጨምሩ። ትኩሱን በድንገት ፍሪጅ ስትከቱት ይደፈርሳል። አልተበላሸም። መጀመሪያ ውጭ ይብረድ።

ከወልድያ፦ ከርከዴ አፍልቼ ሲቀዘቅዝ የብረት ጣዕም አለው።

መልስ፦ በአልሙኒየም ድስት ነዋ ያፈላችሁት። ከርከዴ ኮምጣጣ ነው፣ አልሙኒየሙን ይበላዋል። በጀበና ወይም በማይዝግ ድስት ሥሩት። እንዲያውም እሳት አያስፈልገውም። አንድ እፍኝ አበባ፣ 1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ቀለሙ ደማቅ ይሆናል፣ ምሬትም የለውም። ነፍሰ ጡሮች ከርከዴም ይቅርባችሁ። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ በየቀኑ አትጠጡት፣ እሱም ግፊት ያወርዳል።

ከቆቦ፦ እትዬ፣ የጦስኝ ሻይ እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ከላይ አለ። አንብቡት።

ከደሴ፦ የኔ አልጣፈጠኝም።

መልስ፦ ምኑ? የትኛው ቅጠል? ስንት ውሃ? ተከድኗል? እንዲህ ካልነገራችሁኝ ምን ብዬ ልመልስ?

ከከሚሴ፦ ለኢፍጣር ከጠዋቱ ባዘጋጅ ደስ ይለኛል። መብራት ግን አይታመንም።

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፍሪጅ መብራት ጠፍቶበት ካልተከፈተ ወደ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። እየከፈታችሁ አትዩት። ከዚያ ካለፈ የሻዩን ነገር በሌላ መንገድ ያዙት። ጠንከር ያለውን ሻይ ከሰዓት በኋላ ሥሩ፣ አጥልሉ፣ ትኩስ እንዳለ ፔርሙስ ውስጥ ክተቱት። አዛን ሲቃረብ በረዶ ላይ ገልብጡት። ቀኑን ሙሉ ለብ ብሎ ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ሻይ ይሄ በብዙ ይሻላል። ለብ ያለ ጣፋጭ ውሃ ለተህዋስያን ይመቻል።

በረዶ ከሌለ ጆጉን ሰፊ ሳፋ ውስጥ አቁሙና ዙሪያውን ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉበት። ውሃው ሲሞቅ ለውጡት። የእንስራ ውሃ ካላችሁ በጣም ጥሩ። እንስራ ላቡን እያተነነ ራሱን ያቀዘቅዛል።

ከሐይቅ፦ በጠርሙስ አድርጌ ፀሐይ ላይ ባስቀምጠውስ? ሲሠሩ አይቻለሁ።

መልስ፦ ተዉት። የፀሐይ ሙቀት ቅጠሉ ላይ ያሉትን ተህዋስያን አይገድልም። ውሃ ይፍላ።

ከባቲ፦ ስኳር ወይስ ማር?

መልስ፦ የወደዳችሁትን። ስኳር ትኩሱ ላይ፣ ማር ለብ ሲል። 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም።

ከደሴ፦ ቦርጭ ያጠፋል?

መልስ፦ ይሄ ጥም መቁረጫ ነው።

ከሐይቅ፦ ጥሩ ጦስኝ በምን ይለያል? ባለፈው የገዛሁት ገለባ ነው።

መልስ፦ እሰይ! ከመግዛታችሁ በፊት ቆንጥሩና በመዳፋችሁ እሹት። ሽታው ወዲያው አፍንጫ መምታት አለበት። ሳትጠጉት የማይሸት፣ ስታሹትም የማይሸት ከሆነ አልፎበታል። ቀለሙን እዩ። አረንጓዴነቱ ያልጠፋው ጥላ ውስጥ የደረቀ ነው። ቡናማ የሆነው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ዘይቱን ጨርሷል። ግንዱ ከቅጠሉ ከበዛ ገንዘባችሁን ለእንጨት እየከፈላችሁ ነው። ቤት ስታስገቡት አሸዋውን አራግፉ፣ ክዳኑ በሚገጥም ማሰሮ አድርጉና ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ላስቲክ ውስጥ መስኮት ላይ የሰቀላችሁት በወር ውስጥ ሣር ይሆናል። ከደጋ የሚያመጡትን ሴቶች ደግሞ መቼ እንደታጨደ ጠይቋቸው፣ ይነግሯችኋል።

ከወልድያ፦ የተሠራው ስንት ቀን ይቆያል?

መልስ፦ ፍሪጅ ውስጥ ተከድኖ 2 ቀን። ሎሚውን ስትጠጡ ጨምቁበት፣ ቀድማችሁ አትጨምሩ።