የቅቤ ደብተር፣ የዝናብ መለኪያና የመመረቂያ ጥናት፦ ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ስታቲስቲክስ ሳስተምር ዓመታት ተቆጥረዋል። ግንቦት በገባ ቁጥር የመመረቂያ ጥናት የያዙ ልጆች ይጠይቁኛል። ዘንድሮ አብዛኞቹ የዋጋና የዝናብ ትንበያ ስለያዙ መልሱን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እናቴ ሞጣ ቅቤ ትነግዳለች። ከ2010 ጀምሮ በየገበያው ቀን የሸጠችበትን ዋጋ በደብተር ይዛለች። ጓደኞቼ ግን «ይህ መረጃ አይሆንም» ይሉኛል። ልተወው?

መልስ፦ በፍጹም እንዳትተዪው! አንድ ሰው፣ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ዓይነት አመዘጋገብ ለስምንት ዓመት የጻፈው ዋጋ ስንቱ ተመራማሪ የሚመኘው ነው። ስትገለብጪው ግን እናትሽን አጠገብሽ አስቀምጪ። የትኛው የለጋ፣ የትኛው የበሳል ቅቤ ዋጋ እንደሆነ የምታውቀው እርሷ ናት፤ ሁለቱን ከቀላቀልሽ የዋጋ ለውጥ የመሰለሽ የዕቃ ለውጥ ይሆናል። ሳትሸጥ የቀረችበትን ቀን ባዶ ተዪው፤ ዜሮ ካስገባሽ ቅቤው በነጻ ተሰጠ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ልቀይር? ጳጉሜንስ?

መልስ፦ ፕሮግራሞቹ የሚያነቡት የፈረንጁን ስለሆነ እያንዳንዱን ቀን ቀይሪ። «መስከረም ማለት ሴፕቴምበር ነው» ብሎ ወርን በወር መተካት ግን መረጃውን አሥር ቀን ያህል ያንሸራትተዋል። በእኛ ወር መሥራት ከፈለግሽ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ትቀላቀል። ለዋጋ አማካይ ችግር የለውም። የዝናብ ድምር ከሆነ ግን የ35 ቀን ዝናብ ከ30 ቀን ጋር ሊወዳደር አይችልምና ለቀናቱ ብዛት ይካፈል።

ጥያቄ፦ እስከ 2015 ባለው ወርሃዊ አማካይ ሳሪማ (ካለፉት ወራትና ካምናው ተመሳሳይ ወር ተነሥቶ የሚተነብይ ሞዴል) ሠርቼ 2016ን ስተነብይ የካቲት ላይ በጣም ሳትሁ። ምኑ ጋ ተበላሸ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድሁት። ሞዴሉ አልተበላሸም፤ ስለ ጾም አልነገርሽውም። ሳሪማ ወቅትን የሚያውቀው «አምና በዚህ ወር» እያለ ነው። ዐቢይ ጾም ደግሞ በየዓመቱ ቦታውን ይቀያይራል። በ2010 የገባው የካቲት 5፣ በ2015 የካቲት 13፣ በ2016 ግን መጋቢት 2 ነው። ስለዚህ ሞዴልሽ ከቀደሙት ዓመታት «የካቲት ላይ ቅቤ ይረክሳል» የሚለውን ተምሮ ያንኑ ጠበቀ፤ የ2016 የካቲት ግን ከጾመ ነነዌና ከረቡዕ ከዓርብ በቀር ፍስክ ነበር።

መፍትሔው አንድ ዓምድ መጨመር ነው፦ በእያንዳንዱ ወር ውስጥ ስንቱ ቀን በዐቢይ ጾም እንደዋለ። ለፋሲካ ዋዜማ ሳምንትም ሌላ ዓምድ ይኑረው። ከዚያ ሳሪማክስ በሚባለው፣ የውጭ ምክንያት በሚቀበለው የሳሪማ ዓይነት፣ ታስገቢያለሽ። ሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ የዝናብ መጠን፣ ብታስገቢ የከርሞውን አስቀድመሽ መተንበይ ይኖርብሽ ነበር። ጾሙን ግን ባሕረ ሐሳብ የዛሬ ሃያ ዓመት የሚውልበትን እንኳ ቆጥሮ ይሰጥሻል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም። እኔ ብሆን ለዚህ ብቻ አንድ ምዕራፍ እሰጠው ነበር።

ጥያቄ፦ ከረድፎቹ 80 በመቶውን በዘፈቀደ ለማሠልጠኛ ብመርጥስ?

መልስ፦ አይሆንም። የነገን ዋጋ እያሳየህ የትናንቱን ማስገመት ይሆናል። የመጨረሻውን ዓመት ለመፈተኛ ለብቻው አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳርን ወርሃዊ ዝናብ እየተነበይሁ ነው። የመቶኛ ስህተቱ ማለቂያ የሌለው ቁጥር ይሰጠኛል።

መልስ፦ በበጋ ወራት ዝናቡ ዜሮ ሲሆን ለዜሮ እያካፈልህ ነው። ስህተቱን በሚሊ ሜትር ለካ። ከሁሉ በፊት ግን «የዘንድሮ ሐምሌ እንደ አምናው ሐምሌ ነው» የሚለውን ተራ ግምት ሥራና ስህተቱን ጻፈው። ሞዴልህ ያንን ካልበለጠ ገና አልሠራህም።

ጥያቄ፦ የዋጋው ተከታታይ በአንድ አማካይ ዙሪያ የረጋ መሆኑን የሚፈትነው የዲኪ ፉለር ፈተና ፒ ዋጋው 0.3 መጣ፤ ረግቷል ለማለት ከ0.05 በታች መሆን ነበረበት። ጥናቴ ወደቀ?

መልስ፦ በብር የተጻፈ የዕቃ ዋጋ ሽቅብ ሲጓዝ የኖረ ነው፣ ምን ይገርማል! ሎጋሪዝሙን ወስደህ ልዩነቱን አውጣና እንደገና ፈትን። የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ቦክስና ጄንኪንስ በ1970 እ.ኤ.አ. ያስፋፉት የትንበያ መንገድ ይህንኑ ይላል።

ጥያቄ፦ በጥልቅ ኒውራል ኔትወርክ ባልሠራ ገምጋሚዎች አይንቁኝም?

መልስ፦ በ96 ወር መረጃ? የትንበያ ተመራማሪው ማክሪዳኪስና ባልደረቦቹ በ1982 እ.ኤ.አ. 1,001 ተከታታይ መረጃዎችን አወዳድረው የተራቀቁት ዘዴዎች የግድ ከቀላሎቹ እንደማይበልጡ አሳይተዋል። ገምጋሚ የሚጠይቅህ ቀሪ ስህተቶቹ ውስጥ የተረፈ ትስስር አለ ወይ ብሎ ነው፤ ይህንኑ የሚፈትነውን የልጁንግ ቦክስ ፈተና ውጤት ይዘህ ግባ።

ጥያቄ፦ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል፣ ገና ደብተሩን እየገለበጥሁ ነው። ይደርሳል?

መልስ፦ የሞጣዋ ልጅ ነሽ መሰለኝ። ይደርሳል። ይህን ሳምንት ለመገልበጥና ሥዕሉን ለመሳል ስጪው፤ ሞዴሉ ራሱ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ትንበያሽን በአንድ ቁጥር አታቅርቢው፣ ከዚህ እስከዚህ ብለሽ ከነክልሉ ጻፊ። ደብተሩንም ዛሬውኑ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሺና ለእናትሽ መልሺላት፤ የሚቀጥለው ገበያ ዋጋ የሚጻፈው እዚያው ላይ ነው።